ከኩርማን እንጀራ እስከ 12 × 1/4፦ ሙሉ ቁጥርን በክፍልፋይ ማባዛትን ለልጅ እንዴት እናስረዳ

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ቤት ለቤት እየሄድኩ ልጆች አስጠናለሁ። ከአራተኛና ከአምስተኛ ክፍል ልጆች ጋር ስቀመጥ ደብተራቸው ላይ ደጋግሜ የማገኘው አንድ ስህተት አለ፦

12 × 1/4 = 12/48

12ቱ ላይኛውንም ታችኛውንም አባዝቷል። ይህን የሚጽፈው ሰነፍ ልጅ አይደለም፤ የማባዣ ሰንጠረዡን በቃሉ የሚያንበለብለው ልጅ ነው። ክፍል ውስጥ «ላይኛውን አባዙ፣ ታችኛውን ተዉት» ተብሏል። ከምን እንደመጣ ስላላየው ሳምንት ሳይሞላው ተምታታበት። ይህን የምጽፈው ልጃቸውን ማታ ማታ ለሚያስጠኑ ወላጆችና እንደኔ ለሚያስጠኑ ሰዎች ነው። ሕጉን ከፊት አናስቀምጠውም። ሥራው በደንብ ከሄደ ልጁ ራሱ ይደርስበታል።

12 × 1/4 ሁለት ታሪክ አለው። አንዱ «12 ጊዜ ሩብ» ነው፤ ሩብ፣ ሩብ፣ ሩብ እያሉ 12 መሰብሰብ። ሌላው «የ12 ሩብ» ነው፤ 12 ነገርን ለአራት አካፍሎ የአንዱን ድርሻ ማየት። ሁለቱም 3 ይሰጣሉ። አብዛኛው ልጅ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው በሌላኛው መንገድ ሲመጣበት ግራ ይጋባል። የዚህ መመሪያ ሥራ ሁሉ ልጁ ሁለቱንም ታሪኮች በእጁ ሠርቶ፣ አንድ መሆናቸውን በዓይኑ አይቶ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የማባዛት ምልክቱን እንዲጽፍ ማድረግ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሁለት ነገር አረጋግጡ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ «24ን ለ6 አካፍል» ሲባል በጣቱ እየቆጠረም ቢሆን 4 ማለት ከቻለ ይበቃል።

ሁለተኛው ላይ ግን አትቸኩሉ። ወረቀት ውሰዱና ሆን ብላችሁ አራት የማይተካከሉ ቁራጮች አድርጋችሁ ቅደዱት። ትልቁን አንስታችሁ «ይኼ ሩብ ነው?» በሉት። «አዎ፣ አራት ቦታ ተቀዷላ» ካላችሁ ማባዛቱ ይቆይ። ሁለት ሦስት ቀን ወረቀት ማጠፍ ብቻ ሥሩ፤ ለሁለት አጥፎ ግማሽ፣ እንደገና አጥፎ ሩብ፣ አንዴ ደግሞ አጥፎ አንድ ስምንተኛ። እጥፎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ልክ ሲገጥሙ ሲያይ፣ እኩል ያልሆነ ነገር ሩብ እንደማይባል ሳትነግሩት ይገባዋል።

ዕቃው ሁሉ ቤት ያለ ነው፦ 24 ፍሬ ሽምብራ፣ ስድስት ትንንሽ ሳህኖች፣ ካርቶን፣ መቀስ፣ ጠመኔ። ሽምብራውን 24 ያልኩት ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8 እና ለ12 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው። ቀሪ የሚመጣበት ቀን የራሱ ሥራ አለው፤ በመጀመሪያው ቀን ባይመጣ ይሻላል።

ካርቶኑ ላይ ሳህን ደፍታችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩና ስድስት ክብ ቁረጡ። እንጀራዎቻችን እነዚህ ናቸው። እውነተኛ እንጀራ እየቆራረጡ መጫወት ነውር ነው፤ አያት ያሉበት ቤት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። እኔ እውነተኛውን እንጀራ የማነሳው ማዕድ ሲቀርብ ብቻ ነው፤ ያኔ ልጁ የሚቆርጠው ለሚበላ ሰው ነው።

መጀመሪያ ስሙን

አማርኛ ለትንንሾቹ ክፍልፋዮች የራሱ ስም አለው፦ 1/2 ግማሽ፣ 1/3 ሲሶ፣ 1/4 ሩብ። ከዚያ ወዲያ አንድ አምስተኛ፣ አንድ ስድስተኛ እያለ ይቀጥላል። 1/10ን ደግሞ አሥራት በሚለው ስሙ የሚያውቀው ልጅ ብዙ ነው። የሂሳብ መጽሐፉ የላይኛውን ቁጥር ላዕል፣ የታችኛውን ታህት ይለዋል። ከመጨረሻው ጥያቄ በቀር በዚህ መመሪያ የምናባዛባቸው ሁሉ ላዕላቸው 1 የሆነ ክፍልፋዮች ናቸው።

በመሃል ከተማ የማገኛቸው ብዙ ልጆች ሂሳብ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ደብተሩ ላይ «ዋን ፎርዝ» ይላል፤ «ሩብ ኪሎ ቡና ገዝተህ ና» ሲባልም ሱቅ ሄዶ ገዝቶ ይመጣል። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ግን የነገረው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ትልቅ ወረቀት ላይ 1/4 እጽፍና ሩብ የሚባለውን ሁሉ እናስታውሳለን። ሩብ ኪሎ ቡና፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ለሦስት ሩብ ጉዳይ፣ በዜና የሚሰማው ሩብ ዓመት፣ ኳስ የሚወድ ከሆነ ሩብ ፍጻሜ። ታላላቆች ስሙኒ የሚሉት 25 ሳንቲም የብር ሩብ ነው፤ ኩርማን ደግሞ የእንጀራ ሩብ ነው። ወረቀቱ ሲሞላ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ሲሶ ላይ ትንሽ ቆዩ፤ ለብዙ የከተማ ልጅ እንግዳ ቃል ሆኗል። ትልቅ ሰው ባለበት ቤት ልጁ ራሱ ሄዶ «ሲሶ ምንድነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አደርጋለሁ። እርሻ በእኩል፣ በሲሶ፣ በእርቦ ይያዝ እንደነበር የሚያወሩለት ይገኛሉ፤ እርቦ ያው ሩብ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የወጣው የብር ገንዘብም የተዘረዘረው በክፍልፋይ ነበር፦ ግማሹ አላድ፣ ሩቡ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛው ተሙን። ክፍልፋይ መጽሐፍ ውስጥ የተፈጠረ ነገር አለመሆኑን ልጅ ሲያውቅ ፊቱ ይለወጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «አራተኛ» ስንል ደረጃም ማለት ነው፤ ከክፍሉ አራተኛ የወጣ ልጅ አለ። ልጁ «አራተኛ» እና «አንድ አራተኛ» እንዳይምታታበት ከፊቱ «አንድ» የምትለዋን በፍጹም አታስቀሩ። እኔ ለመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ ብቻ ነው የምናገረው።

የመጀመሪያው ታሪክ፦ ኩርማን መቁጠር

ሦስት የካርቶን ክቦችን እያንዳንዳቸውን አራት ቦታ ቁረጡ። 12 ኩርማን አላችሁ። አንድ በአንድ ልጁ ፊት እያስቀመጣችሁ አብራችሁ ቁጠሩ፤ ሲቆጠር ግን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሳይሆን «አንድ ሩብ፣ ሁለት ሩብ፣ ሦስት ሩብ፣ አራት ሩብ» እየተባለ ነው። አራተኛው ላይ ቁሙ፤ ልጁ አራቱን ገጥሞ ክቡን ይሙላ። «አራት ሩብ፣ አንድ ሙሉ።» ቀጥሉ። አምስት ሩብ ሲደርስ «አንድ ሙሉ ከሩብ» ይላል። እስከ 12 ድረስ በቃል ብቻ ይሁን፤ እርሳስ አይነሳ።

በሁለተኛው ዙር እርሳስ ይነሳ። ሦስት ኩርማን አስቀምጡና እንዲህ አስጽፉት፦

1/4 + 1/4 + 1/4 = 3/4

ሦስት ጊዜ ከመደመር ማባዛት እንደሚያጥር ልጁ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃል፤ ስለዚህ ከታቹ፦

3 × 1/4 = 3/4

አሁን ዋናውን ጥያቄ ጠይቁት፦ «ሦስቱ ላይኛውን አባዛ፤ ታችኛውን ለምን አልነካውም?» መልሱን ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ሎሚ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። አንድ ሎሚ፣ ሦስት ጊዜ ሲሆን ስንት? ሦስት ሎሚ። «ሎሚ» የሚለው ቃል ተባዛ? አልተባዛም፤ ስም ነው። ሩብም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሩብ፣ ሦስት ጊዜ፣ ሦስት ሩብ። ታህቱ የቁራሹ ስም ነው፤ ላዕሉ የቁራሹ ብዛት ነው። ስንሰበስብ የሚጨምረው ብዛቱ ነው፤ የቁራሹ ስም እንዳለ ይኖራል።

ይህን ነጥብ በሌላ አቅጣጫም ማሳየት ይቻላል። አንድ ቀን ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ባለ ቤት ከአንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ጋር ተቀምጠን 12 × 1/4 = 12/48 ብላ ጻፈች። አላጠፋሁባትም። «እስቲ አቃልዪው» አልኳት። ላዕሉንም ታህቱንም ለ12 አካፈለች። «1/4 መጣ፣ ቲቸር» አለች።

«እንግዲህ 12 ኩርማን ሰብስበን መልሰን አንድ ኩርማን አገኘን ማለት ነው?»

እርሳሷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አለች። አያቷ ከወዲያ ራት ለማቅረብ እንጀራ እያወጡ ነበር። ቀና ሳይሉ «አሥራ ሁለት ኩርማንማ ሦስት እንጀራ ነው፣ ልጄ» አሉ። ልጅቷ ካርቶኖቹን ወደ ራሷ ሳበችና አራት አራት አድርጋ ገጠመቻቸው። ሦስት ክብ ሞላ። ላጲሷን አንስታ 48ን አጠፋችና በቦታው 4 ጻፈች። ትንሽ ቆይታ አጠገቡ «= 3» ጨመረች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ ሕጉ አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር።

ስለዚህ ልጅ 12/48 ሲጽፍ አትቆጡ፣ አታጥፉም። አቃሎ መነሻው ላይ ተመልሶ እንዲደርስ ተዉት።

ሁለተኛው ታሪክ፦ ድርሻ ማውጣት

ይህን በሌላ ቀን ጀምሩት። ክቦቹ ይነሱ፤ ሽምብራው ይምጣ። አራት ሳህን ደርድራችሁ 12 ፍሬ ስጡት፤ «ለአራቱ እኩል አድል።» አንድ በአንድ እያዞረ ያድላል። አንዱን ሳህን አንሱና «ይኼ የ12 ምኑ ነው?» በሉ። ሩቡ። ስንት ነው? ሦስት። ሌላ ጊዜ በሦስት ሳህን ሲሶ፣ በስድስት ሳህን አንድ ስድስተኛ። ልጁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ላይ ማደሉን ትቶ በቀጥታ ማካፈል ይጀምራል፤ «የ24 አንድ ስድስተኛ» ሲባል 24 ÷ 6 ብሎ 4 ይላል። ያን ጊዜ ሽምብራው ሥራውን ጨርሷል።

የሚቀጥለው ልምምድ ከቤት ከሰፈር ነው፤ እዚህ ላይ ከተማችን ለጋስ ናት። እኔ የምወዳቸው እነዚህ ናቸው።

ከጳጉሜን በቀር የኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ ለሂሳብ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። የወሩ ግማሽ 15 ቀን፣ ሲሶው 10፣ አንድ አምስተኛው 6፣ አንድ ስድስተኛው 5፣ አንድ አሥረኛው 3 ቀን ነው። ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አውርዱና መስከረምን በቀለም ይከፋፍለው። ጳጉሜን ለመጨረሻ አቆዩት፤ 6 ስትሆን ሲሶዋ 2 ቀን ነው፣ 5 ስትሆን ግን ችግር አለ፤ ያ ችግር በኋላ ይጠቅመናል።

የእንቁላል መያዣውም 30 ስለሚይዝ ያው ቁጥር በእጅ በሚነካ ነገር ይመጣል። ሰዓት 60 ደቂቃ ነው፤ ሩቡ 15፣ ሲሶው 20፣ አንድ አሥራ ሁለተኛው 5 ደቂቃ። 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪው ሲሶ ሆኖ ቢቀር ስንት ሰው ነው? 4። ይህን የምጠይቀው ልጁ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ሲሆን ነው፤ ቀና ብሎ ይቆጥራል።

ቡናም አለ። ስድስት ሰው ተቀምጦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከጠጣ 18 ስኒ ተቀድቷል። የ18 ሲሶ አቦል ነው፦ 6 ስኒ። ሲኒ ስታጥብ ያደገች ልጅ ይህን በጭራሽ አትስተውም።

ሁለቱ ታሪኮች የሚገናኙበት

ብዙ አስጠኚ ይህን ይዘለዋል። «12 ጊዜ ሩብ 3 ነው፣ የ12 ሩብም 3 ነው፤ አየህ አንድ ነው» ብሎ ያልፋል። ልጁ መልሱ አንድ መሆኑን ያያል፤ ለምን አንድ እንደሆነ ግን አላየም፤ አጋጣሚ ሊመስለውም ይችላል። እኔ እዚህ ላይ ሙሉ ቀን አጠፋለሁ።

ሦስት ያልተቆረጡ የካርቶን እንጀራዎች አስቀምጡ። «ሦስት እንጀራ አለን፣ አራት ሰው አለ፤ እኩል አካፍል።» ልጁ መጀመሪያ አንድ አንድ ሊሰጥ ይሞክራል፤ አራተኛው ሰው ባዶውን ይቀራል። ተዉት ያስብ። ግማሽ ግማሽ የሚሞክርም አለ፤ አራቱ ግማሽ ያገኛሉ፣ አንድ እንጀራ ይተርፋል፣ እሱን ደግሞ ለአራት ይቆርጣል፤ ይህም ትክክል ነው፣ አመስግኑት። ከዚያ ሌላ መንገድ አሳዩት። የመጀመሪያውን እንጀራ አራት ኩርማን አድርጎ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኩርማን። ሁለተኛውን እንዲሁ። ሦስተኛውን እንዲሁ።

አሁን የአንዱን ሰው ድርሻ አንሱ። ስንት ኩርማን ይዟል? ከእያንዳንዱ እንጀራ አንድ ስለደረሰው ሦስት ኩርማን። ይህ ድርሻ የ3 እንጀራ ሩብ ነው፤ ለአራት ሰው ተካፍሏልና። ደግሞም 3 ጊዜ ሩብ ነው፤ ሦስት ኩርማን ነዋ። አንዱ ክምር፣ ሁለት ስም። ወረቀት ላይ፦

የ3 ሩብ = 3 ÷ 4 = 3/4
3 ጊዜ ሩብ = 3 × 1/4 = 3/4

አሁን 12 እንጀራ ብናደርገውስ? ከእያንዳንዱ እንጀራ አንድ ኩርማን የሚደርሰው ሰው 12 ኩርማን ይሰበስባል፤ 12 ኩርማን 3 እንጀራ ነው። መቁረጥ ሳያስፈልገው በሐሳቡ ካየው ደርሷል። ካላየው ስድስቱን ክብ ቆርጣችሁ በ6 አሳዩት፤ የ6 ሩብ 6 ኩርማን፣ ማለትም አንድ እንጀራ ከግማሽ።

አምባሻ በሚጋገርበት ቤት እድለኛ ናችሁ፤ ከመሃሉ ወደ ዳር የሚወጡት መስመሮች ዳቦውን አስቀድመው ከፋፍለውታል። ስንት ቦታ እንደተከፈለ አስቆጥሩት። ስምንት ከሆነ «ሦስት አምባሻ ለስምንት ሰው» ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ከየአምባሻው አንድ፣ 3/8።

«ማባዛት» የሚለው ቃል

አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ማባዛት ማብዛት ነው፤ 12 ተባዝቶ እንዴት 3 ይሆናል?» ብሎኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። በቋንቋችን ማባዛትና ብዙ ሥራቸው አንድ ነው፤ እስካሁን በትምህርት ቤት ያባዛው ሁሉ፣ በዜሮና በአንድ ካልሆነ በቀር፣ አድጎለታል። ይህን የማይጠይቅ ልጅም በውስጡ ይዞታል፤ ስለዚህ እናንተው አንሱት። የሚከተለውን አንድ በአንድ ይሥራ፦

12 × 4 = 48
12 × 2 = 24
12 × 1 = 12
12 × 1/2 = 6
12 × 1/4 = 3

ከላይ ወደ ታች ምን እየሆነ ነው? የምናባዛበት ቁጥር በየመስመሩ በግማሽ ይቀንሳል፤ መልሱም አብሮት በግማሽ ይቀንሳል። በ1 ስናባዛ 12 ራሱ ይመጣል። ከ1 በታች ስንወርድ ከ12 በታች መውረዱ ተገቢ ነው። «አራት ጊዜ 12» ብዙ ነው፤ «አንድ ጊዜ 12» ያው 12 ነው፤ «ሩብ ጊዜ 12» ከ12 ሩቡን ብቻ መውሰድ ነው። ልጁ ይህን ሰንጠረዥ በ20 እና በ40 ራሱ ይሥራው።

አሁን ሕጉን በራሱ አፍ ይንገራችሁ። «ሙሉ ቁጥሩ ላዕል ላይ ይሆናል፣ ታህቱ ያው ነው፣ ከዚያ ይካፈላል» የሚል ዓይነት ነገር ይላችኋል። አባባሉን አታርሙት፤ ከተረዳው በቂ ነው።

እኩል አልካፈል ሲል

7 × 1/3 ስንት ነው? ሰባት ሲሶ። ሦስት ሲሶ አንድ ሙሉ ስለሆነ ስድስት ሲሶ ሁለት ሙሉ፤ አንድ ሲሶ ይተርፋል። 7/3 = 2 ከ1/3።

ለዚህ የቁጥር መስመር ከካርቶን ይሻላል፤ በመሃል አዲስ አበባ ደግሞ የቁጥር መስመር መሬት ላይ ተዘርግቷል። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲኬድ መሃል ላይ አምስት ኪሎ አለ። ርቀቱ እኩል ነው ማለቴ አይደለም፤ ልጁ ግን 4፣ 5፣ 6ን በእግሩ ያውቃቸዋል። ግቢ ውስጥ በጠመኔ ከ0 እስከ 6 መስመር አስምሩ፤ 4፣ 5 እና 6 ላይ የሰፈሮቹን ስም ጻፉ። በየሁለቱ ቁጥር መሃል ሁለት ነጥብ አድርጋችሁ ሦስት እኩል ቦታ ክፈሉት። እያንዳንዱ እርምጃ ሲሶ ነው። ከ0 ተነስቶ 12 እርምጃ ሲሄድ የት ደረሰ? አራት ኪሎ፤ 12 × 1/3 = 4። በ15 እርምጃ አምስት ኪሎ፣ በ18 ስድስት ኪሎ። በ13 እርምጃስ? ከአራት ኪሎ አንድ ሲሶ አለፈ፦ 4 ከ1/3። ልጆች ይህን ሲዘሉ እየጮኹ ነው የሚቆጥሩት፤ ጎረቤት ካልተቸገረ ተዉአቸው።

ከዚያ የተረፈው ነገር መቆረጥ መቻል አለመቻሉን አነጋግሩት። የ30 እንቁላል ሩብ 7 ከ1/2 ነው፤ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ እንቁላሉ ግን ለሁለት አይቆረጥም፤ ስለዚህ ለአራት ቤት ቢካፈል ሰባት ሰባት ደርሶ ሁለት ይተርፋል። የ30 ቀን ሩብ ግን ሰባት ቀን ተኩል ብሎ ይሄዳል። የ5 ቀን ጳጉሜን ግማሽም ሁለት ቀን ተኩል ይሆናል። ብርም ይዘረዘራል፤ የ10 ብር ሩብ 10/4፣ ማለትም 2 ከ2/4፣ 2 ከ1/2፣ ሁለት ብር ከሃምሳ። 50 ሳንቲም የብር ግማሽ መሆኑን ሳንቲም ይዛችሁ አሳዩት።

ሌሎች ስህተቶች

5 × 1/6ን 5 ከ1/6 ብሎ የሚያነብ ልጅ አለ። ጽሑፉ ይመሳሰላል፤ ነገሩ ግን ሩቅ ነው። አንዱ አምስት ቁራሽ ብቻ ነው፣ አንድ ሙሉ እንኳ አይሞላም፤ ሌላው አምስት ሙሉ አምባሻና አንድ ቁራሽ ነው። ጮክ ብሎ እንዲያነብ አድርጉ፦ «አምስት ጊዜ አንድ ስድስተኛ» እና «አምስት ከአንድ ስድስተኛ»። «ጊዜ» እና «ከ» ይለዩታል።

1/8 ከ1/4 ይበልጣል የሚልም ሞልቷል፤ 8 ከ4 ስለሚበልጥ። አንድ ዳቦ ለአራት ሰውና ለስምንት ሰው ሲካፈል የቱ ጋ መቀመጥ እንደሚፈልግ ጠይቁት።

ሌላው ስህተት የኛው የትልልቆቹ ነው፦ መቸኮል። ከኩርማን መቁጠሩ እስከ ማባዛት ምልክቱ ድረስ በቀን ግማሽ ሰዓት እየተሠራ ሳምንት ወይም አሥር ቀን ይወስድብኛል። ወላጅ «ፈተና ደርሷል፣ ሕጉን ብቻ ንገሪው» ሲለኝ ሕጉን ብቻ ነግሬ አውቃለሁ፤ ልጁ ፈተናውን አለፈ፣ በወሩ ግን 12/48 ተመልሶ መጣ። ሥራው እንደ አዲስ ከኩርማን ተጀመረ።

ለልምምድ

በመጀመሪያ የተሰጡትን በቃል፣ ቀጥሎ ያሉትን በወረቀት ያሠሩ። መልሱን ለናንተ አብሬ አስቀምጫለሁ።

8 × 1/2 (4)፣ 9 × 1/3 (3)፣ 20 × 1/4 (5)፣ 30 × 1/5 (6)፣ 24 × 1/8 (3)፣ 60 × 1/12 (5)።

3 × 1/5 (3/5)፣ 5 × 1/2 (2 ከ1/2)፣ 10 × 1/3 (3 ከ1/3)፣ 9 × 1/4 (2 ከ1/4)፣ 11 × 1/6 (1 ከ5/6)።

እያንዳንዱ ሰው ሩብ ኪሎ ሥጋ ቢበላ ለ10 እንግዳ ስንት ኪሎ ይገዛል? (ሁለት ኪሎ ተኩል።) ጳጉሜን ሳትቆጠር ከዓመቱ 12 ወራት ሲሶው ስንት ወር ነው? (4።) እናት ከ1 ኪሎ ቡና ሩቡን ቆልታለች፤ ስንት ግራም ነው? (1000 × 1/4 = 250 ግራም።)

የሥጋው ጥያቄ የ«ጊዜ» ታሪክ ነው፤ የወሩና የቡናው የ«ድርሻ»። ልጁ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይለይ፤ መልሱን ከማግኘት ይልቅ እኔ የምጠብቀው ይህን ነው።

መጨረሻ ላይ ቁጥሩን ሰጥታችሁ ታሪኩን እሱ ያምጣ። «6 × 1/3ን ሁለት ታሪክ አድርገህ ንገረኝ።» አንድ ልጅ የነገረኝን ልጻፍላችሁ፦ «ስድስት ልጆች ሲሶ ሲሶ ዳቦ በሉ፤ ሁለት ዳቦ አለቀ። ደግሞ ስድስት ብይ ነበረኝ፤ ለሦስት ተካፈልን፣ ሁለት ሁለት ደረሰን።» ልጃችሁ ሁለቱንም እንዲህ ካወራችሁ በማግስቱ 6 × 2/3 ስጡትና ምንም ሳትነግሩት ጠብቁ። ሲሶው 2 ከሆነ ሁለት ሲሶው 4 ነው።